ስለ ጋራዥ ቃላትና ስለ መካኒክነት ሞያ አጀማመር

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ነገር ለታሪክ ጥናት የማይበቃ ተራ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ይኸውም ባለመኪናና መካኒክ በጋራዥ ውስጥ የሚነጋገሩባቸው ቃላት ናቸው። ስለ መንገድ ሥራ፥ ስለ ምድር ባቡርና ስለ ንግድ ብዙ ተጽፏል። መኪናው ከተበላሸ በኋላ ማን እንዳስነሣው፥ ያስነሣውም ሰው ሞያውን ከማን እንደ ተማረ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ጋራዥ መዝገብ የሚጠብቅ ቦታ አይደለም። ደረሰኙ ይጠፋል፤ ሥራውም መኪናው ሲያረጅ አብሮ ያረጃል። የሚቀሩት ምስክሮች የመሣሪያ ሣጥኑና ንግግሩ ናቸው። እኛም በእነዚህ በሁለቱ ልንጠቀም ወደድን።

ጎማ፥ ፍሬን፥ ፍሪስዮን፥ ካንዴላ፥ ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ እንደ መጡ የማያውቅ የለም። መቼ መጡ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ወዲያው የሚሰጠው መልስ «በጠላት ወረራ ዘመን፥ በ5ቱ ዓመት» የሚል ነው። መልሱ ቀላል ስለ ሆነ ማንም አይመረምረውም። በእኛ አስተያየት ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ የሚነካው የኢትዮጵያውያንን የሞያ ታሪክ ስለ ሆነ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። ሞያው በወረራ ዘመን ከወራሪ የተቀበልነው ስጦታ ነው ወይስ ከነጻነት በኋላ ሠራተኞቻችን ቀን ከቀን ቆመው፥ አይተውና ሰርስረው ያገኙት ነው? ጥያቄው ይህ ነው።

በመጀመሪያ ከወረራው በፊት የነበረውን እንመልከት። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከጅቡቲ ተነሥቶ ያመጣው ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነበረ። ጥቂት ቆይቶም አንድ ጀርመናዊ ሌላ መኪና አስገባ። ዐፄ ምኒልክም በመኪና ተቀምጠው ሄደዋል። በዚያን ጊዜ ለመኪና የሚሆን መንገድም ጋራዥም ስላልነበረ፥ መኪናውን የሚነዳው ሰው ራሱ ጠጋኙ መሆን ነበረበት። ሾፌር የሚለው ቃል ራሱ በፈረንሳይኛ መሠረቱ እሳት አንዳጅ ማለት ነው፤ መሪ ከመያዝ ይልቅ ሞተርን ከማገልገል የመጣ ስም ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ የመኪና ባለቤቶች ቤተ መንግሥቱ፥ መኳንንቱ፥ ሌጋሲዮኖችና ጥቂት ነጋዴዎች ነበሩ።

የዚህ ዘመን የሞያ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ብረት መፍታትና መግጠም፥ ማቅለጥና መበየድ በብዛት የሚታየው በድሬዳዋ በነበረው የባቡር ጥገና ቤት ነበረ፤ በዚያም የሚነገረው ፈረንሳይኛ ነው። አዲስ አበባም ለገሃር የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚያው ነው። ሾፌር የዚህ ዘመን ቃል ነው ብንል አንሳሳትም። ጋራዥና ካሚዮን ግን በሁለቱም ቋንቋዎች ስለሚገኙ ከየትኛው እንደ መጡ በቃሉ ብቻ መለየት አይቻልም።

በ1928 ዓ.ም. ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። የኢጣልያ ጦርነት የካሚዮን ጦርነት ነበረ። ፊያት 634 እና ላንቻ ሮ የተባሉት በናፍታ የሚሠሩ ከባድ ካሚዮኖች ስንቅና ጥይት ጭነው ከሠራዊቱ ኋላ ይከተሉ ነበር። ኋላም በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መንገድ ሲሠራ ካሚዮኑ እየበዛ ሄደ። የፊያት 634 ስም በሕዝብ አፍ «ትሬንታ ኳትሮ» ሆኖ ቀረ። እንግዲህ «በ5ቱ ዓመት መጣ» የሚለው አሳብ የተነሣው ከዚህ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። በመንገድ ሥራ የተሰማራ፥ ካሚዮን የጫነ፥ ያወረደ ወይም ያጠበ ሰው ሁሉ ጎማን፥ ናፍታን፥ ኦሊዮን፥ ታርጋንና ላሜራን መስማቱ አይቀርም።

ነገር ግን ቃላቱን በሁለት ከፍለን ብንመለከት ልዩነቱ ይገለጣል። አንደኞቹ ከመኪናው አጠገብ የቆመ ሁሉ የሚሰማቸው ናቸው። ሁለተኞቹ ግን ሞተሩ ካልተከፈተ በቀር የማይታዩ ነገሮች ስሞች ናቸው፤ ለምሳሌ ቴስታታ፥ ጓርኒሲዮን፥ ቢየላ፥ ፋሻ። ቴስታታን በስሙ የሚጠራ ሰው ቴስታታ ሲወርድ ያየ፥ ምናልባትም ራሱ ያወረደ ሰው ነው። በወረራው ዘመን ይህን ለማየት ዕድል የነበረው ኢትዮጵያዊ ስንት ነው? ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡት የዘር ልዩነት ሕጎች ነጭና ጥቁር በመኖሪያም፥ በመጓጓዣም፥ በኑሮም እንዲለያዩ የሚያስገድዱ ነበሩ። ለአገሬው ልጆች የተፈቀደውም ትምህርት ከዝቅተኛው ደረጃ የሚያልፍ አልነበረም። በእንደዚህ ያለ አስተዳደር ሥር የኢትዮጵያዊው ቦታ ከጫኝነት፥ ከአጣቢነትና ከረዳትነት ብዙ ያልፋል ብለን ለማመን ይቸግረናል። ሁለተኛው ክፍል ቃላት የገቡበትን ጊዜ ከዚህ በኋላ መፈለግ ይገባል።

ለዚህ አሳባችን ጠንካራ ሆኖ ያገኘነው ማስረጃ የአንድ ካሚዮን ስም ነው። ፊያት 682 ኤን 3 የተባለው ካሚዮን የተሠራው ከነጻነት ከ20 ዓመት ያኽል በኋላ ነው። በአገራችን መንገዶች ለብዙ ዘመን ጭነት ያመላለሰው ይህ ካሚዮን በሾፌሩም፥ በመካኒኩም፥ በነጋዴውም አንደበት «ኤንትሬ» ይባላል። ትሬ ማለት በኢጣልያንኛ 3 ነው። በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤት የሚሰጠው የውጭ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበረ፤ በመሥሪያ ቤትም እንግሊዝኛ እየበረታ ሄዶ ነበር። እንደዚህም ሆኖ ካሚዮኑ በእንግሊዝኛ «ኤን ስሪ» አልተባለም። በ1947 ዓ.ም. ገደማ መሠራት የጀመረችው ትንሿ ፊያት 600 ደግሞ፥ ታክሲ ሆና አዲስ አበባን የሞላችው፥ «ሰይቼንቶ» ተባለች እንጂ «ስድስት መቶ» አልተባለችም። ወራሪው ከሄደ ከ15 እና ከ20 ዓመት በኋላ ለመጣ መኪና በኢጣልያንኛ ስም የሚሰጥ ጋራዥ፥ ኢጣልያንኛ የሞተበት ሳይሆን ገና የሚነገርበት ጋራዥ ነው። ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ኤንትሬ ያለው ዘመን የመካኒኮቻችን የተማሪነት ዘመን ነው ማለት ይቻላል።

ይኸም ከታወቀው ታሪክ ጋር ይስማማል። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዞች አብዛኞቹን ኢጣልያኖች ወደ አገራቸው ሲመልሱ፥ ሞያ የነበራቸው ጥቂት አይደሉም የቀሩት፤ የኢትዮጵያም መንግሥት ሞያቸውን ይፈልግ ነበር። ያን ጊዜ ግን ግንኙነቱ ተለውጧል። ኢጣልያኑ ገዢ መሆኑ ቀርቶ ደመወዝተኛ ወይም ትንሽ ጋራዥ ከፍቶ የሚኖር ሞያተኛ ሆነ፤ ከባሕር ማዶ ሠራተኛ ማስመጣት ስለማይችልም የሰፈሩን ልጅ ከመቅጠር በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ከዚህም ሌላ የአስመራን መንገድ መርሳት አይገባም። በአስመራ ከወረራው ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ የኢጣልያን ጋራዦች ነበሩ። ከዚያ የመጡ መካኒኮችና ሾፌሮች በአዲስ አበባና በጭነት መንገዶች ሁሉ ሠርተዋል። የጋራዡ ቃላት በትግርኛና በአማርኛ አንድ መሆናቸው የዚህ ምስክር ነው። ከቃላቱ የትኞቹ በቀጥታ፥ የትኞቹ በአስመራ በኩል እንደ መጡ መለየት ራሱን የቻለ ሌላ ጥናት ይፈልጋል።

ቃላቱ በምን መንገድ እንደ ተማሩ መልካቸው ይናገራል። የጎማ ውስጠኛው አየር መያዣ በኢጣልያንኛ «ካሜራ ዳሪያ» ይባላል፤ በእኛ አፍ ከለመዳሪ ሆኗል። የነዳጅ ማጠራቀሚያው «ሰርባቶዮ» ሰልባትዮ፥ የፊትና የኋላ መከላከያው «ፓራኡርቲ» ፓራውልት፥ በጣራ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ «ፖርታባጋሊ» ደግሞ ፖርቶመጋላ ሆኗል። እንደዚህ ያለ ለውጥ መጽሐፍ ከፍቶ በተማረ ሰው ላይ አይደርስም። መዶሻ በሚመታበት፥ ሞተር በሚጮኽበት ቦታ ጌታው «አምጣ!» ብሎ ሲጠራ ልጁ በጆሮው የያዘው ቃል ነው። ፍሬቻም እንደዚሁ ታሪክ አለው። በኢጣልያንኛ ቀስት ማለት ሲሆን፥ የቀድሞ መኪናዎች መታጠፋቸውን የሚያመለክቱት ከበሩ አጠገብ እንደ ቀስት ብቅ በሚል ትንሽ ክንድ ስለ ነበረ ነው። ክንዱ ቀርቶ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሲተካ ስሙ አልተለወጠም።

ስለ መሣሪያ ሣጥኑም ጥቂት እንበል። የኢጣልያ መኪና ዳዶና ቡሎን የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው። ከነጻነት በኋላ የመጡት የእንግሊዝና የአሜሪካ መኪናዎች፥ ቤድፎርድ፥ ላንድሮቨር፥ ዶጅና ጂፕ፥ በኢንች የተሠሩ ነበሩ። ስለዚህ የዚያ ዘመን መካኒክ ሁለት ዓይነት መፍቻ መያዝ ነበረበት። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ የ13 መፍቻ የገባበት ይመስላል፤ ሲጠብቅ ግን ያንሸራትትና የዳዶውን ጠርዝ ይበላዋል። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ይህን ልዩነት በዓይኑና በእጁ ማወቅ ነበረበት። መፍቻ አቀባይ ሆኖ የጀመረ ልጅ የመጀመሪያ ፈተናው ይኸው ነበር፤ 10፥ 13፥ 17፥ 19 ተብሎ ሲጠየቅ ሳይፈልግ ማቀበል። እውነተኛው የመካኒክ ትምህርት ቤት ይህ እንደ ነበረ እንናገራለን። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሞያውን በመጽሐፍና በሥዕል አስተምሯል፤ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመውም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከአሜሪካውያን ባለሞያዎች ጋር በሠራባቸው ዓመታት ግሬደርንና ዶዘርን ከእነስማቸው አምጥቷል። ከዚያ የወጡት ሰዎች ጥሩ ሞያተኞች ነበሩ። ሆኖም እንግሊዝኛው ከጋራዡ ኢጣልያንኛውን ሊያስወጣው አልቻለም። እንግሊዝኛ የበላይነቱን ያገኘው ኋላ፥ ካርቡራቶር ቀርቶ ኢንጀክተር፥ ሴንሰርና ኮምፒውተር ሲመጣ ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ስሞች ነው። ግሦቹን ስንመለከት ግን ሌላ ነገር እናገኛለን፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። በጋራዡ ውስጥ ከሚነገሩት ግሦች አብዛኞቹ አማርኛ ናቸው። ሞተር ይነሣል፥ ይወርዳል፥ ይነክሳል። ኩሽኔታ ይበላል። ያረጀች መኪና ዘይት ትበላለች። መኪና የሚነዳው ከብት በሚነዳበት ቃል ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ትንፋሽ የሚለው ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጢስ በኃይል ከወጣ፥ መካኒኩ «ትንፋሽ አላት» ይላል። ምክንያቱ ፋሻው አልቆ የተቃጠለው ጋዝ በፒስቶኑ ጎን አልፎ ወደ ታች ወደ ዘይቱ ቤት ስለሚወርድ ነው። ፋሻ የሚለው ቃል የተወሰደ ነው፤ ሐኪም ቤትም ቁስል የሚታሰርበት እርሱው ነው። ትንፋሽ ግን የእኛ ነው። ይህን ቃል የፈጠረው ሰው ሞተርን እንደ ሕያው አካል አስቦ፥ በጆሮው አዳምጦ፥ በመዳፉ ዳስሶ በሽታውን ያወቀ ኢትዮጵያዊ መካኒክ ነው። የዕቃው ስም ከውጭ መጣ፤ ምርመራውና ፍርዱ ግን በአማርኛ ተሠራ። የተሰጠውን ብቻ የሚቀበል ሰው ስሙንም ግሡንም አብሮ በተቀበለ ነበር።

የዚህ ፍርድ ኃይል በይበልጥ የታየው በችግር ጊዜ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የውጭ ምንዛሪ እጥረት መለዋወጫ ዕቃን ብርቅ አደረገው። በኋላም መኪና ወደ አገር ለማስገባት የሚከፈለው ቀረጥና ታክስ ከባድ ሆኖ ቆይቷል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ ያረጁ መኪናዎችን ለማስገባት የሚከፈለውን እጅግ ከፍ አደረገው። አዲስ የማይገባበት አገር አሮጌውን ማኖር ግድ ነው። ሲሊንደሩ ሲበላ ይሰፋል፤ ከመጀመሪያው ልክ ሩብ ወይም ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስቶን ይገባለታል። ዕቃው ጨርሶ ከታጣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ከብረት ይቀረጻል፤ ወይም የሌላ መኪና ዕቃ ተሞርዶ እንዲስማማ ይደረጋል። በሌላ አገር የተጣለ መኪና በእኛ አገር ልጅ ያሳድጋል።

አሁን ደግሞ ባለመኪናውና ጋራዡ ስለሚገናኙበት ሁኔታ መናገር አለብን፤ የቃላቱ ጉዳይ ለኑሮ የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ መኪናውን ጋራዥ ያስገባ ሰው ብዙ ጊዜ ጥሎት አይሄድም። ወንበር ወይም አሮጌ ጎማ ፈልጎ ይቀመጥና ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል። መካኒኩ የሚያስፈልገውን ዕቃ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፍለታል፤ እርሱም ሶማሌ ተራ ወይም መርካቶ ሄዶ ኦሪጅናል ነው፥ ያገለገለ ነው እያለ ተከራክሮ ይገዛል። አሮጌውም ዕቃ በእጁ እንዲሰጠው ይጠይቃል፤ መለወጡን የሚያረጋግጥበት ሌላ ማስረጃ የለውማ። ብዙ ሰው ይህን የመካኒኮች አታላይነት ያመጣው ነው ይላል። አታላይ በየሞያው ይገኛል፤ እኛም የለም አንልም። ዳሩ ግን ከአንድ ሰው ጠባይ ይልቅ የሚከብድ ምክንያት ያለ ይመስለናል። በጆሮ የተወረሰ ዕውቀት በጋራዡ በር ይቆማል። «ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» የተባለ ባለመኪና ምን እንደ ተቃጠለ፥ የት እንዳለ፥ ዋጋውም ስንት ሊሆን እንደሚገባ ማወቂያ የለውም። ቃሉ ለመካኒኩ ዕቃ ነው፤ ለባለመኪናው ግን ድምፅ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ አንዱ ብቻ የሚያይበት ጊዜ ጥርጣሬ ቢወለድ ምን ያስደንቃል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድን ሥራ ለመሥራት የተዋዋለ ሞያተኛ በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት ግዴታ እንደሚገባ ይደነግጋል። በዚህ ሕግ ዓይን ሲታይ ባለመኪናው የሚከፍለው ስለ ድካሙ ሳይሆን ስለ ውጤቱ ነው። በተለመደው አሠራር ግን ዕቃውን የሚገዛው ባለመኪናው ስለ ሆነ፥ ሥራው ሲበላሽ መካኒኩ «ዕቃው ነው» ይላል፤ ሻጩ «አገጣጠሙ ነው» ይላል። ኃላፊነቱ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ባለመኪናው ተታለልሁ እንዳይል ራሱ ዕቃ ገዢ ሆነ፤ ዕቃ ገዢ በመሆኑም ውጤቱን የሚጠይቅበት ሰው አጣ። በእኛ ግምት ይህን ቋጠሮ ሊያላላው የሚችለው ነገር ቀላል ነው፤ ይኸውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚለወጠው ዕቃ ስም፥ ማን እንደሚገዛውና ማን ኃላፊ እንደሚሆንበት በጽሑፍ መያዝ ነው። ጥቂት ጋራዦች ያደርጉታል።

ይህን ጥናት ዛሬ እንድንጽፍ ያነሣሣን ሌላ ምክንያትም አለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፤ ማርሚታ፥ ፒስቶን፥ ቢየላ፥ ፍሪስዮንም የለውም። ጎማ፥ ቸርኬ፥ ፍሬን፥ ኩሽኔታና ፍሬቻ ግን ይቀራሉ። አንድ መኪና ለረጅም ዘመን በሚኖርበት በእኛ አገር ካንዴላ ነገ ይጠፋል ማለት አይደለም። ለታሪክ ጸሐፊ የሚያስፈራው ከቃሉ በፊት የሚጠፉት ሰዎች ናቸው። በ1955 ዓ.ም. በ12 ዓመቱ ጋራዥ የገባ ልጅ ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ሽማግሌ ነው። ከኢጣልያን ጌታ አጠገብ ቆሞ የተማረ፥ ትሬንታ ኳትሮም ሲጠገን ያየ፥ ኤንትሬም ራሱ ያወረደ ሰው ካለ የሚገኘው በዚህ ዕድሜ ላይ ነው። የማኅበራችን አባሎች በዕረፍት ጊዜ ወደየትውልድ ከተማቸው ሲሄዱ እንደዚህ ያሉትን ሽማግሌዎች እየፈለጉ የሚናገሩትን እንዲጽፉልን እንለምናለን፤ በተለይ ከድሬዳዋ፥ ከደሴና ከጎንደር። የመጀመሪያው ጥያቄም የሞያ ስም ወይም ዓመተ ምሕረት ባይሆን ይሻላል፤ መጀመሪያ መፍቻ ያቀበሉት ለማን እንደ ነበረ ይጠይቋቸው።